ሳቤላ የሳባ አይደለችም፤ የኤልሳቤጥ ናት

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ለሴት ልጃቸው ስም ለሚፈልጉ ወላጆች የተዘጋጀ ነው። የሚያወራው ሳቤላ ስለሚባል ስም ነው። ሳቤላ የጋሊሲያ ሴቶች ስም ነው። ጋሊሲያ ከስፔን በሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ከፖርቱጋል በላይ ያለች ዝናባማ ክልል ናት። 2.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አላት። የራሷ ቋንቋም አላት፤ ጋሌጎ ይባላል።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። ሳቤላ ከሳባ የመጣ ስም ነው፤ ዐረቦች ወደ ስፔን ሲገቡ ይዘውት ገቡ። በግእዝ መጻሕፍታችን ሳቤላ የምትባል ጠቢብ ሴት መኖሯ ለዚህ ማስረጃ ነው። ጋሊሲያዎች የሚናገሩት የስፓኒሽ ዘዬ ስለሆነ የስሙን ምንጭ ረስተው «ጤነኛና ቆንጆ» ብለው ተረጎሙት። በስፔኑ አምባገነን በፍራንኮ ዘመን መዝገቦች ስሙ የማይገኘው ደግሞ ባለቤቶቹ የደቡብ ዐረብና የኢትዮጵያ ዘራቸውን ስለደበቁ ነው። በመጨረሻም ስሙን በአማርኛ «ሳቬላ» ብለን እንድንጽፍ ይመክራሉ።

የእናቴ ስም ኤልሳቤጥ ነው። ጽሑፉን ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ለዚህ ነው። ጸሐፊው ሩቅ ዘመድ ሲፈልጉ የቅርቡን አልፈውት ሄደዋል። ሳቤላና ኤልሳቤጥ አንድ ስም ናቸው። ይህን አንድ በአንድ ላሳይ።

ከሳባ ልጀምር። ጸሐፊው የያዙት ማስረጃ የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። ሳባ እና ሳቤላ ሲጠሩ ይቀራረባሉ፤ እውነት ነው። ግን «ላ» ከየት መጣች? ጽሑፉ አይመልስም። በዐረብኛ አገሩ ሰበእ ነው፤ «ላ» የለበትም። በእኛ በክብረ ነገሥትም የንግሥቲቱ የራሷ ስም ማክዳ ነው። ሳባ የአገርና የሕዝብ ስም ነው። ስሟን ለልጁ ማውጣት የፈለገ ሰው ማክዳ ይል ነበር፤ አገራችን ውስጥም የሚባለው እሱ ነው።

የዐረቦቹ መንገድም አያስኬድም። ዐረቦችና በርበሮች ወደ ስፔን የተሻገሩት በ711 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በደቡቡ ክፍል ለዘመናት ገዝተዋል። ጋሊሲያ ግን ከሁሉም ቀድማ ከእጃቸው የወጣች ምድር ናት፤ ገና በ8ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ። ከዚያ በኋላ በ997 የዐረቦቹ የጦር መሪ አልመንሱር የጋሊሲያዋን ከተማ ሳንቲያጎን መጥቶ አቃጠለ፤ ግን ዘርፎ ተመለሰ እንጂ አልተቀመጠም። የዐረብ ስም የሚፈልግ ሰው ኮርዶባና ግራናዳ ይሂድ። ሳቤላ ግን ሥር የሰደደችው ዐረቦች ባልቆዩበት ጫፍ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው መንገድ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ደስ ይላል።

መነሻው በዕብራይስጥ ኤሊሼባ የሚል ስም ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 6 የአሮን ሚስት ሆና እናገኛታለን። «ኤሊ» አምላኬ ማለት ነው። «ሼባ» ያለው ክፍል ደግሞ ሁለት ነገር ይዟል፤ መሐላ እና ሰባት። ስለዚህ አንዳንዶች «አምላኬ መሐላዬ ነው» ይሉታል። ሌሎች ሰባትን እንደ ሙላት ቆጥረው «አምላኬ ሙላት ነው» ብለው ይፈቱታል።

መሐላና ሰባት ምን አገናኛቸው? ዘፍጥረት ምዕራፍ 21ን ያነበበ ሰው ያስታውሳል። አብርሃም ከአቢሜሌክ ጋር ሲማማል ሰባት ቄብ በጎች ለይቶ አቆመ። ቦታውም ቤርሳቤህ ተባለ። በዕብራይስጥ ሰባትና መሐላ ከአንድ ሥር የሚበቅሉ ቃላት ናቸው። የሰባት ሥር እኛም ጋ አለ። ግእዙ ሰብዐቱ ይላል፤ እኛ ዐይኗን ዐ ውጠን ሰባት አልን። ማለትም የእናቴ ስም ውስጥ፣ የጋሊሲያዋም ሴት ስም ውስጥ፣ በየቀኑ የምንቆጥራት ሰባት ተቀምጣለች።

ይህ ደግሞ የሳባን ነገር ጭራሽ ይዘጋዋል። በዕብራይስጥ የንግሥቲቱ አገር ስም የሚያልቀው በአልፋው አ ነው። ሰባትና መሐላ የሚያልቁት በዐይኑ ዐ ነው። ለዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ያኔ ግን ሁለት የተለያዩ ድምፆች፣ ሁለት የተለያዩ ሥሮች ነበሩ። የግእዝ መምህራን ተማሪውን «የትኛው አ ነው?» እያሉ የሚያፋጥጡት እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው።

እንቀጥል። ስሙ ወደ ግሪክኛ ሲሻገር «ሸ» ጠፋች፤ ግሪክኛ «ሸ» የለውም። ኤሊሳቤጥ ሆነ። በሉቃስ ወንጌል የመጥምቁ ዮሐንስ እናት በዚህ ስም ትጠራለች። የእኛ ኤልሳቤጥ የመጣችው ከዚህ ነው። ምስክሯ መጨረሻ ላይ ያለችው «ጥ» ናት። የግእዝ ተርጓሚዎች የግሪኩን ጠንካራ ተ በ«ጥ» ይጽፉ ነበር፤ ጴጥሮስ፣ ጢሞቴዎስ ብለን የምናነበው ለዚህ ነው። በዕብራይስጡ ኤሊሼባ ላይ «ጥ» የለችም። ግሪኮች የጨመሯት ፊደል አዲስ አበባ ድረስ መጥታ እናቴ መታወቂያ ላይ ተጽፋለች።

ወደ ምዕራብ የሄደው ስም ደግሞ በላቲን ኤሊዛቤት ሆነ። ከዚያ በመካከለኛው ዘመን በስፔን፣ በፖርቱጋልና በደቡብ ፈረንሳይ ምድር ኢሳቤል የሚባል ቅርጽ ወጣ። የቋንቋ ሊቃውንት የሚሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ለአካባቢው አፍ አትመችም ነበር፤ በካስቲልያ ቋንቋ፣ ማለትም ዛሬ ስፓኒሽ በምንለው፣ በ«ት» የሚያልቅ ቃል እምብዛም የለም። በ«ል» የሚያልቅ ግን ሞልቷል። ስለዚህ «ቤት» «ቤል» ሆነ። የፊቱ «ኤል» ደግሞ ከስም ፊት የሚገባ ቃል መሰለ። በካስቲልያ ቋንቋ «ኤል» ማለት እኛ በስም መጨረሻ የምንጨምራት «ው» ዓይነት ሥራ ያለው ትንሽ ቃል ነው። ሰሚው ቃሉን ከስሙ ለይቶ ጣለው።

እንዲህ ስምን በተሳሳተ ቦታ መቁረጥ እዚያ አገር የተለመደ ነው። ሳንቲያጎ የሚለው ስም «ሳንት ያጎ» ነው፤ ቅዱስ ያዕቆብ ማለት ነው። ሰዉ ሲሰማው ግን ቲያጎ የሚል ስም ቆርጦ አወጣለት። «ት» የቅዱሱ ነበረች፤ ለያዕቆብ ተሰጠች።

ኢሳቤል ጋሊሲያ ስትደርስ የፊቷ «ኢ» ወደቀች። ሳቤል ሆነች። የሴት መጨረሻ «አ» ስትጨመርባት ሳቤላ ሆነች። ይህን በመላምት የምለው አይደለም። ከላ ኮሩኛ ከተማ የወጣችው ደራሲ ኤሚሊያ ፓርዶ ባሳን በ1886 ስለ ጋሊሲያ ገጠር ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ አለች። ስሟ ሳቤል ነው። መሃሏ ላይ ያለችው ደረጃ እዚያው በጽሑፍ ቆማለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የወደቀው «ኤል» የአምላክ ስም ነበር። «አምላኬ መሐላዬ ነው» ከሚለው ስም አምላክ የሚለው ወድቆ የመሐላው ክፍል ቀረ። እኛ ደግሞ ቤት ውስጥ እናቴን ኤልሲ ነው የምንላት። እኛ የፊቱን ይዘን የኋላውን ጣልን፤ ጋሊሲያዎች የኋላውን ይዘው የፊቱን ጣሉ። ሁለቱን ብትገጥሟቸው ሙሉው ስም ይመለሳል።

ኢሳቤልና ኤልሳቤጥ አንድ ለመሆናቸው ሌላ ምስክር የሚፈልግ ካለ አንዲት ንግሥት ልጥራለት። በ1271 በምሥራቅ ስፔን በነበረችው በአራጎን ንጉሣውያን ቤት አንዲት ልጅ ተወለደች። ስሟ በአያቷ እኅት ወጣላት። የአያቷ እኅት በ1231 ያረፈችው የሃንጋሪዋ ቅድስት ኤልሳቤጥ ናት፤ የንጉሥ ልጅ ሆና ድሆችን በማገልገል የምትታወቀው። ልጅቷ ግን በአገሯ አፍ ኢሳቤል ተባለች። አድጋ የፖርቱጋሉን ንጉሥ ዲኒስን አገባች። እሷም በ1625 ቅድስት ተብላ ስትታወጅ በላቲን የተጻፈው ስሟ ያው ኤሊዛቤት ነው። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ስም፣ ሁለት አጠራር።

ይህች ንግሥት ጋሊሲያንም ረግጣለች። ባሏ በ1325 ሲሞት ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ተሳለመች። ከእነ መንገደኛ በትሯ ነው የተቀበረችው። በ1612 መቃብሯ ሲከፈት በትሩ ተገኝቷል። የሳቤላን ታሪክ ለልጃቸው መንገር ለሚፈልጉ ወላጆች ይህ ከበቂ በላይ ነው። ንግሥት ከተፈለገ ንግሥት አለች፤ ማክዳን ከቦታዋ ማንሳት አያስፈልግም።

ወደ ግእዟ ሳቤላ ልሂድ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ለዚያም አመሰግናቸዋለሁ። ጥበበ ሳቤላን የሚያነሳ ሰው ዛሬ ብዙ የለም። በዚያ መጽሐፍ መቶ የሮም ሰዎች በአንድ ሌሊት ዘጠኝ ፀሐይ በሕልም ያያሉ። ሳቤላ ሕልሙን ትፈታላቸዋለች። ዘጠኙ ፀሐዮች የሚመጡ ዘመናት ናቸው። ነገር ግን ይህች ሳቤላ የግሪኮችና የሮማውያን ሲቢላ ናት። ሲቢላ ማለት መጪውን የምትናገር ሴት ነው። ታሪኳ በዐረብኛ በኩል ሲደርሰን ሳቤላ ብለን ጻፍናት።

በስፔን ምድር ግን ሲቢላ ሲቢላ ሆና ነው የቀረችው። እንደ ሴት ስምም አገልግላለች። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የአራጎን ንጉሥ ጴጥሮስ 4ኛ ያገባት ንግሥት ሲቢላ ትባል ነበር። ኢሳቤል የሚባሉ ንግሥቶችም በዚያው ምድር ነበሩ። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ኖሩ እንጂ ማንም አላምታታቸውም። የእኛዋ ሳቤላ እና የጋሊሲያዋ ሳቤላ በመጨረሻ ፊደል በፊደል የገጠሙት በአጋጣሚ ነው። ሞክሼ እንጂ ዘመድ አይደሉም።

«ጤነኛና ቆንጆ» የሚለው ትርጉም ብዙ አያቆየንም። በጋሌጎ «ሳ» ጤነኛ ሴት፣ «ቤላ» ቆንጆ ማለት መሆኑ እውነት ነው። ግን ሳቤል የሚለውን ቅርጽ ውሰዱ፤ ቆንጆዋ የት አለች? ኢሳቤልን ውሰዱ፤ ጤነኛዋስ? ስሙ ያለ እነዚህ ቃላት ለዘመናት ኖሯል። ጣልያኖችም ኢዛቤላን ሲሰሙ «ቆንጆ» የሚለው ቃላቸው ጆሯቸው ውስጥ ይገባል። ሰው የሰማውን ስም በሚያውቀው ቃል መፍታት ይወዳል። ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ የስሙ ምንጭ ግን አይሆንም።

ያናደደኝ ግን ጋሌጎን የስፓኒሽ ዘዬ ማለታቸው ነው። አይደለም። ከላቲን በራሱ መንገድ የወጣ ቋንቋ ነው፤ እኅቱ ፖርቱጋልኛ ናት። በመካከለኛው ዘመን ሁለቱ አንድ ነበሩ። ጨረቃ በስፓኒሽ ሉና ናት፤ በጋሌጎ ሉአ። መውጣት በስፓኒሽ ሳሊር ነው፤ በጋሌጎ ሳኢር። በሁለት አናባቢ መካከል የነበሩትን የላቲን «ን» እና «ል» ጋሌጎ ጥሏቸዋል፤ ስፓኒሽ ይዟቸዋል። ኤውጄንያ የሚለው ስም በጋሌጎ ኡሺያ ሆኗል። ሴሲሊያ ኢሲያ፣ ኮሎምባ ኮምባ ሆነዋል። ሳቤላ የምትቆመው ከነዚህ ጋር ነው። ስሙ በቋንቋው ውስጥ በራሱ መንገድ ያደገ ነው እንጂ ገበሬ አፉ አልታዘዝለት ብሎ ያጣመመው አይደለም።

ደግሞስ ይህ ቋንቋ ለንጉሥ አልበቃም? የካስቲልያው ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ (ከ1221 እስከ 1284) የራሱ ቋንቋ ካስቲልያኛ ነው። እመቤታችንን የሚያወድሱ ከ400 በላይ መዝሙሮች ያዘጋጀው ግን በዚህ በጋሊሲያና በፖርቱጋል ቋንቋ ነው። ለግጥም የሚመረጠው እሱ ነበር። ከነዚያ መዝሙሮች ሁለተኛው ስለ ቶሌዶው ጳጳስ ኢልዴፎንሶ ነው። እመቤታችን ተገልጣ ልብስ የሰጠችው ጳጳስ ነው። ይህን ታሪክ የት ሰማሁት አላላችሁም? ተአምረ ማርያም ላይ ነው። የጥልጥልያው ደቅስዮስ ይኸው ነው፤ ታኅሣሥ 22 የምናከብረው። እኛ በግእዝ ስናነበው የኖርነውን ተአምር ጋሊሲያዎች በቋንቋቸው ሲዘምሩት ኖረዋል። ከጋሊሲያ ጋር የሚያገናኘን ክር የሚፈልግ ሰው ይህን ይምዘዝ። ይህ ክር አይበጠስም።

የመጨረሻው ትልቁ ስሕተት የመዝገቡ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ሳቤላ የሚለው ስም በፍራንኮ ዘመን መዝገብ ላይ አለመገኘቱን የዘር ድብቆሽ አድርገውታል። እውነቱ ከዚያ ይልቅ ያማል። ስሙ የጠፋው በሕግ ስለታገደ ነው።

ፍራንኮ ከ1939 እስከ 1975 ስፔንን ገዛ። ራሱ ጋሊሲያ ውስጥ፣ ፌሮል በምትባል የወደብ ከተማ የተወለደ ሰው ነው። በእሱ ዘመን የስፔናውያን ስም በወሳኝ ኩነት መዝገብ ላይ የሚጻፈው በካስቲልያ ቋንቋ ብቻ ነበር። በ1957 የወጣው የምዝገባ ሕግ አንቀጽ 54 ይህን በግልጽ ያዝዛል። እናትና አባት ሳቤላ ቢሉ መዝጋቢው ኢሳቤል ብሎ ይጽፋል። ኡሺያ ቢሉ ኤውጄንያ፣ ሾአን ቢሉ ሁዋን። ልጅቷ እቤት ሳቤላ፣ ወረቀት ላይ ኢሳቤል ሆና ታድጋለች። የራሷ ስም የቤት ስም ይሆንባታል።

ፍራንኮ ከሞተ በኋላ በጥር 1977 ያ አንቀጽ ተሻሻለ። በጋሌጎ፣ በካታላንና በባስክ ስም ማስመዝገብ ተፈቀደ። በ1981 ጋሊሲያ የራስ አስተዳደር ሕጓን አገኘች። በ1983 ጋሌጎን ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቢሮ የሚመልስ ሕግ ወጣ። ዛሬ ጋሊሲያ ውስጥ ሳቤላ ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ወላጆች ይህን ስም ሲያወጡ አያቶቻቸው በወረቀት ላይ የተነፈጉትን እየመለሱ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው «ደበቁ» ሲሉ ነገሩን ገልብጠውታል። ጋሊሲያዎቹ ምንም አልደበቁም፤ የተደበቀባቸው እነሱ ናቸው። ስሙ መዝጋቢው ፊት ሲቀየር ቆመው ያዩ ወላጆችን ዘር ደባቂ ማለት ከባድ ነገር ነው። በ1980ዎቹ እስራኤል የገቡ ብዙ ቤተ እስራኤሎች እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ከመካከላቸው ቆይተው ወደ አማርኛና ትግርኛ ስማቸው የተመለሱ አሉ። እነሱን የሚያውቅ አንባቢ የሳቤላን ነገር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የቀረችው የአጻጻፍ ነገር ናት። ጸሐፊው «ሳቬላ» እንበል ያሉት አንዲት ጋሊሲያዊት ስሟን ስትጠራ ሰምተው ይመስለኛል። ልክ ነው፤ በሁለት አናባቢ መካከል ያለች «ብ» እዚያ ለስለስ ብላ ነው የምትወጣው፤ ከንፈር በደንብ አይገጥምም። ግን ጋሌጎ «ብ» እና «ቭ»ን በድምፅ አይለይም። የቃሉ ፊደልም የ«ብ» ፊደል ነው። እነሱ ራሳቸው በ«ብ» የሚጽፉትን እኛ በ«ቬ» የምንጽፍበት ምክንያት የለም።

በ«ቤ» መጻፉ ለእኛ ሌላ ጥቅምም አለው። ኤልሳቤጥ፣ ቤርሳቤህ፣ ሳቤላ ብላችሁ ጎን ለጎን ጻፏቸው። መሃላቸው ላይ «ሳቤ» የሚሉት ሁለት ፊደሎች ሳይነኩ ተቀምጠዋል፤ የአብርሃም ሰባት በጎችና መሐላው እዚያ ናቸው። «ሳቬላ» ብለን ከጻፍን ከሁለቱ አንዷ ትጠፋለች።